ጠያቂ አለ፤ አስመላሽ የለም

ባለፈው ክረምት ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ወደየቤታችን ከተመለስነው የወላይታ ልጆች መካከል አራታችን በአንድ የወረዳ ምክር ቤት ጉባኤ ላይ ተገኝተን ነበር። የወረዳውን ስም አንጽፍም፤ ነገሩ የአንድ ወረዳ ብቻ አለመሆኑን የሚያነቡን ሁሉ ያውቁታልና። ጉባኤው ለሕዝብ ክፍት ነው ተብሎ በሩ ላይ ተለጥፎ ስለ ነበር ገብተን በኋለኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የከለከለን ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ተማሪ እዚህ ምን ይሠራል የሚል ዐይን አልጠፋም።

ከቀረቡት ጉዳዮች አንዱ የመጠጥ ውሃ ነበር። በአንድ ቀበሌ የውሃ ቦኖ ተሠርቶ አልቋል ተብሎ በሪፖርቱ ተጽፏል፤ ገንዘቡም ወጪ ሆኗል። የቀበሌው ተመራጭ ግን ተነሥተው ቦኖው መቆሙን እንደማይክዱ፣ ከቧንቧው ግን አንድም ቀን ውሃ ወርዶ እንደማያውቅ ተናገሩ። የቋሚ ኮሚቴው ሰብሳቢም ይህንኑ ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በጥያቄ መልክ አቀረቡላቸው። ኃላፊው መልሳቸውን የሰጡት ከወንበራቸው ሳይነሡ ነው። «ጉዳዩ በእኛም በኩል የታየ ሲሆን በቀጣዩ የበጀት ዓመት በትኩረት እንሠራበታለን» አሉ። አፈ ጉባኤው «ማብራሪያው ግልጽ ነው» ብለው ወደ ሌላው አጀንዳ አለፉ። ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ተጨበጨበ፤ ሻይ ተጠጣ።

ስንወጣ አጠገባችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አስቆሙን።

«ልጆቼ፣ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፤ እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ» አሉን። «እኛ ለጊፋታ በሬ መግዣ ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ እናዋጣለን። ገንዘቡን የሚይዘው ከመካከላችን የታመነው ሰው ነው። በዓሉ ሲቃረብ በሬው የታለ ስንለው ‹በሚቀጥለው ጊፋታ በትኩረት እገዛዋለሁ› ቢለን፣ ምን የምናደርገው ይመስላችኋል?»

«አባባ፣ መቼም ዝም አትሉትም» አልናቸውና ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን የእኒህ ሽማግሌ ጥያቄ ነው። በጉባኤው ላይ ጥያቄ አልጠፋም፤ ጠያቂው አልታሠረም፤ ተጠያቂውም ቀርቧል። በደንቡ የተጻፈው ሁሉ ተፈጽሟል ማለት ይቻላል። የጐደለው ከመልሱ በኋላ መምጣት የነበረበት ነገር ነው። የበሬውን ገንዘብ የያዘ ሰው ከፊቱ የተቀመጡት ባለገንዘቦቹ መሆናቸውን ያውቃል፤ በሬውን ወይም ገንዘቡን ሳያመጣ ተከብሮ ወደ ቤቱ አይገባም። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ግን ያን ዕለት ጭብጨባ ይዘው ገቡ። እንግዲህ የምንከራከርበት ነገር ይህ ነው፤ የምክር ቤት ኮሚቴ ሥልጣን የሚመዘነው ባቀረበው ጥያቄ ብዛት ሳይሆን፣ ውሃው እስኪወርድ ወይም ገንዘቡ እስኪመለስ ድረስ ጉዳዩን ይዞ በመቆየቱ ነው። ሁለተኛ ቀጠሮ የሌለው ጥያቄ ከሥነ ሥርዓት አያልፍም።

በሕግ በኩል ድሆች አይደለንም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን እንዳለበት፣ ባለሥልጣንም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይናገራል። በአንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 17 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎችንም የፌዴራል ባለሥልጣኖች ለጥያቄ እንዲጠራ፣ የአስፈጻሚውንም አካል አሠራር እንዲመረምር ሥልጣን ይሰጠዋል። የሚቀጥለው ንኡስ አንቀጽ ከዚህም ይጠነክራል፤ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው በተሰጠ በማንኛውም ጉዳይ ላይ ይወያያል፣ አስፈላጊ መስሎ የታየውንም እርምጃ ይወስዳል። አንድ ሦስተኛ የሚለውን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። አንቀጽ 101 ደግሞ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ሂሳብ መርምሮ ለዚሁ ምክር ቤት የሚያቀርብ ዋና ኦዲተር ያቆማል። የክልል ምክር ቤቶችም በየክልላቸው ከፍተኛው የሥልጣን አካል መሆናቸው፣ ተጠሪነታቸውም ለሕዝቡ መሆኑ በአንቀጽ 50 ተደንግጓል።

አያቶቻችን ይህ አልነበራቸውም። በ1923 ዓ.ም. የተሰጠው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ምክር ቤቶቹ ሚኒስትር ሊጠሩ ቢፈልጉ እንኳ አስቀድመው የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ እንዲያገኙ ያዝዝ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በሩን ገርበብ አደረገው። ምክር ቤቱ በድምፅ ብልጫ ሲጠይቅ ሚኒስትሩ ወይም ወኪሉ እየቀረበ ሊወጣ ስለ ታሰበው ሕግ መልስ መስጠት ግዴታው ሆነ። ልብ በሉ፤ ስለሚወጣው ሕግ ነው እንጂ ስለሚሠራው ሥራ አይደለም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባልበት የነበረ አገር ሚኒስትሩንም ከሰማይ ጋር ቈጥሮት ነበር።

የዚህ ዋጋ የታየው በወሎ ነው። በ1965 ዓ.ም. ረኀቡ ሲፋፋም መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ሳለ፣ ከወሎ የመጣውን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ለሕዝብ ዐይን ለማብቃት የጣሩት የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ነበሩ። የዛሬ ተማሪ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። ሚኒስትሩን ጠርቶ «እህሉ የት ደረሰ?» ብሎ ሊያፋጥጥ የሚችል ኮሚቴ አልነበረም። መርማሪ ኮሚሽን የተቋቋመው ዘውዱ መንገዳገድ ከጀመረ በኋላ በ1966 ዓ.ም. ነው። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመሩት ይህ ኮሚሽን ባለሥልጣኖችን እያቀረበ በረኀቡ ጊዜ ምን እንዳደረጉና ምን እንዳላደረጉ መጠየቅ ጀምሮ ነበር። ሳይጨርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ስድሳ የሚሆኑ ሰዎችን፣ አብዛኞቹን የቀድሞው መንግሥት ባለሥልጣኖች፣ ያለ ፍርድ ረሸነ። የሞተ ሰው ለጥያቄ አይቀርብም። በየጊዜው ትንሽ በትንሽ ያልተጠየቀ መንግሥት በአንድ ሌሊት በጥይት ተጠየቀ፤ እህሉ የት እንደ ደረሰ የሚያውቁት ብዙዎቹም ያወቁትን ይዘው ተቀበሩ።

የቅርቡም ታሪክ የሚያጽናና አይደለም። የ1997ቱን ምርጫ ተከትሎ በተነሣው ሁከት ስለ ጠፋው ሕይወት እንዲያጣራ የተወካዮች ምክር ቤት በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። ሰብሳቢው ከእኛው አካባቢ የሄዱት፣ የደቡብ ክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ነበሩ። ኮሚሽኑ የ193 ሲቪሎችን ሞት መዘገበ። የመንግሥት ኃይሎች ከመጠን ያለፈ ኃይል ተጠቅመዋል ወይ በሚለው ላይ አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ስምንት ለሁለት «አዎን» ማለታቸውን ሰብሳቢው አገር ለቀው ከወጡ በኋላ ለዓለም ተናገሩ። በ1999 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ የቀረበው ሪፖርት ግን የሟቾቹን ቁጥር እንዳለ ይዞ የተወሰደው እርምጃ ተመጣጣኝ ነበር አለ። ቁጥሩ አንድ፣ ፍርዱ ሁለት! ምክር ቤቱ ራሱ የላከው መልእክተኛ ለላኪው የሚናገረውን ለመናገር ባሕር መሻገር ካስፈለገው፣ ጕድለቱ ያለው በላኪው ቤት ነው።

ስለ ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ በተለምዶ ሜቴክ ስለሚባለው፣ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቀርበው መሥሪያ ቤቱ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ሲናገሩ አገር ጉድ አለ። ከእኛ በስተ ደቡብ በኦሞ ሸለቆ የተጀመረው የኩራዝ ስኳር ፋብሪካ ከዚሁ መሥሪያ ቤት እጅ ገብቶ ምን ያህል ዓመት እንደ ተጓተተ የማያውቅ የለም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ምክር ቤት ነበረ፣ ቋሚ ኮሚቴም ነበረ፣ ሪፖርትም ይጸድቅ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉት ይህን ነው። ውሻው ደግሞ ድምፅ አጥቶ አይደለም፤ ጅቡ በግቢው ሳለ አትጩኽ ተብሎ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጨለማ ነው ብንል እንዋሻለን። በተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የሚባል አለ። የዋና ኦዲተሩን ግኝት ይዞ የየመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች እየጠራ በይፋ ይጠይቃል። ለረጅም ዓመታት ዋና ኦዲተር የነበሩት አቶ ገመቹ ዱቢሶ በምክር ቤቱ ፊት ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ደንብ ያልተከተለ ግዢ እያሉ ሲያነቡ እየሰማን ነው ያደግነው። ከሚጠሩት መካከል ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ ይገኙበታል። ይህ እንግዲህ የኛው ጉዳይ ነው። ሳያልቅ ዝናብ የሚመታው የመኝታ ሕንጻ፣ በካርቶኑ ውስጥ እንዳለ የሚያረጀው የላቦራቶሪ ዕቃ በኦዲተር ቋንቋ «ግኝት» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሆኖ ማደርና ሙከራ ሳያዩ ኬሚስትሪ መማር ነው።

ኮሚቴው የሚጠይቀውን ጥያቄ በየዓመቱ ያዳመጠ ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውላል። የዘንድሮው ግኝት የአምናው ወንድም ነው። ኃላፊው ይቀርባል፤ ይወቀሳል፤ «የማስተካከያ መርሐ ግብር እናቀርባለን» ይላል፤ በዓመቱ ያው መሥሪያ ቤት በዚያው ጕዳይ ይመለሳል፤ ኃላፊው ግን አንዳንድ ጊዜ ወደ ሌላ ወንበር ተዛውሯል። አዲሱ ኃላፊ «እኔ አልነበርኩም» ሲል እውነቱን ነው። በዚህ መሐል ገንዘቡን የሚከተለው ማን ነው?

ለምን እንዲህ ሆነ ብንል የመጀመሪያውን መልስ ያን በልባችሁ ያዙልን ያልነው ቁጥር ይሰጠናል። በ2007 ዓ.ም. ምርጫ 547ቱንም ወንበር ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ድምፅ ከተሰጠባቸውና ውጤታቸው ከተገለጸው 436 ወንበሮች ውስጥ 410ሩ የገዥው ፓርቲ ሆኑ። ከገዥው ፓርቲ ውጭ ያሉት ተመራጮች ሁሉ አንድ ላይ ቢቆሙ አንድ ሦስተኛውን ከሩቅም አያዩትም። ስለዚህ ያ ጠንካራ ንኡስ አንቀጽ እንዲሠራ ገዥው ፓርቲ ራሱ በራሱ ላይ ሊያስነሣው ይገባል ማለት ነው።

ከ2013ቱ ምርጫ በኋላ የዚህን የወጪ ቁጥጥር ኮሚቴ ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ ፓርቲ ተመራጭ፣ ለአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ፣ መስጠቱ የሚመሰገን ሥራ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1861 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሂሳብ ኮሚቴ በልማድ የሚመራው በተቃዋሚ ወገን ሰው ነው፤ ሌባና ቁልፍ ያዥ አንድ እንዳይሆኑ ተብሎ። ነገር ግን አቶ ክርስቲያን በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን ተያዙ። ስለ ክሱ እውነትና ሐሰት ለመናገር አልተነሣንም፤ ያ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። እኛን የሚያሳስበን አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም እያለ፣ ፈቃዱ ሳይቀድም ሰውየው መያዛቸው ነው። የሚቀጥለው ሰብሳቢ ማንም ይሁን ማን፣ ደፋር ጥያቄ ሊጠይቅ ሲነሣ ይህን ሳያስታውስ አይቀርም።

ይህን ሐሳብ ለአንድ የሕግ መምህራችን ስናቀርብላቸው ተቃወሙን። እንዲያውም በደንብ ተቃወሙን። «በፓርላማ ሥርዓት መንግሥቱን የሚያቆመው የምክር ቤቱ አብላጫ ነው፤ የራሱን መንግሥት እንዲያዋርድ ከአብላጫው መጠበቅ የዋህነት ነው። ደግሞም የምክር ቤት ኮሚቴ ጥርስ ሲያወጣ ማንን እንደሚነክስ አይታወቅም» አሉን። ሁለተኛው ቃላቸው እንቅልፍ ነሥቶናል፤ ምክንያቱም እውነት አለበት። በአሜሪካ የኮንግሬስ ኮሚቴዎች ምስክርን በግድ የማቅረብ ሥልጣን እንዳላቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በ1927 እ.ኤ.አ. ነው፤ የፍትሕ ሚኒስትር የነበረው ሰው ወንድም ቀርቦ አልመሰክርም ባለ ጊዜ። ነገሩ ከሙስና ምርመራ የተነሣ ስለ ነበር ሁሉም አጨበጨበ። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ይኸው ሥልጣን የሰውን ሐሳብና ወዳጅነት መበርበሪያ ሆነ፤ መምህራንና ጸሐፊዎች እየተጠሩ «ጓደኞችህ እነማን ነበሩ?» ተባሉ፤ ስም አልጠራም ያለ ታሠረ፣ ከሥራ ተባረረ። ፍርድ ቤቱ ዳግመኛ ገብቶ በ1957 እ.ኤ.አ. ምርመራ ለማጋለጥ ብቻ ተብሎ እንደማይደረግ፣ ከሕግ አውጪው ሥራ ጋር መያያዝ እንዳለበት መናገር ግድ ሆነበት።

ስለዚህ መምህራችን ልክ ናቸው፤ ጅራፍ አንሻም። ኮሚቴው የሚጠይቀው የመንግሥትን ወንበርና የሕዝብን ገንዘብ የያዘውን እንጂ የዜጋውን ልብ መሆን የለበትም። በመጀመሪያው ቃላቸው ግን አንስማማም። በደቡብ አፍሪካም ያው የፓርላማ አብላጫ መንግሥት ያቆማል። ፕሬዚዳንት ዙማ ለግል ቤታቸው ማሠሪያ የወጣውን የመንግሥት ገንዘብ ከፊሉን እንዲመልሱ የሕዝብ ጠበቃዋ ቱሊ ማዶንሴላ በ2014 እ.ኤ.አ. ወሰኑ። በፓርላማው ያለው አብላጫ መሪውን ነጻ ሊያወጣ ሞከረ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን መጋቢት 2016 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንቱ ብቻ ሳይሆኑ ፓርላማውም ግዴታውን አጓድሏል ብሎ ፈረደ፤ ገንዘቡም በዚያው ዓመት ተመለሰ። አብላጫው መንግሥቱን ቢያቆምም፣ መመርመር ለአብላጫው የተተወ ውለታ አይደለም፤ ግዴታው ነው ማለት ነው። የበሬው ገንዘብ እንዲህ ነው የሚመለሰው።

ወደ ሶዶ እንመለስ። ወላይታ አስመላሽ ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቅም የሚል ካለ የ2015ን ዓመት ያስታውስ። ጥር 29 ቀን ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ የምርጫ ቦርድ በዞናችን የተፈጸመውን የአሠራር ጥሰት መርምሮ የወላይታን ውጤት ሰረዘ፤ ሰኔ 12 ቀን ሕዝቡ ዳግመኛ ተሰለፈ። አድካሚ ነበር፣ ወጪውም ብዙ ነው፤ የኛም እናቶች ሁለት ጊዜ ወረፋ ቆመዋል። ነገር ግን አንድ አካል የራሱን ጕድለት መርምሮ «ይህ አይሆንም፣ እንደገና» ሲል ያየነው ያን ጊዜ ነው። ጠይቆ አልተወውም።

ይህ ልማድ ወደ ሌላው ሥራችን ቢዘልቅ ኖሮ በ2016 ዓ.ም. ያየነውን ባላየን ነበር። በዚያ ዓመት በዞናችን የመምህራንና የጤና ሠራተኞች ደመወዝ ዘገየ፣ ተቈራረጠ። ይህን ጋዜጣ ከምታነቡት መካከል ስንቶቻችሁ የመምህር ልጆች እንደ ሆናችሁ እናውቃለን። ደመወዝ ያልገባለት አባት ለልጁ የትራንስፖርት ገንዘብ ለመላክ ከጎረቤት ሲበደር ያየ፣ ስለ ተጠያቂነት ሌላ ንግግር አያስፈልገውም። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ የማዳበሪያ ዕዳ ነው። እንግዲህ እዚህ ላይ ኮሚቴ የሚባል ነገር ሥራ አለው። ማዳበሪያው በማን ዋስትና ተወሰደ? ገበሬው ከፍሏል ወይስ አልከፈለም? ከከፈለ የሰበሰበው ማን ነው፣ ገንዘቡስ በየትኛው ሂሳብ ገባ? የገበሬው ዕዳ በመምህሩ ደመወዝ እንዲከፈል የወሰነውስ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ፖለቲካ አይደሉም፤ የደረሰኝ ጥያቄዎች ናቸው። ሁለት ሰዎች አንድ ሳምንት መዝገብ ይዘው ቢቀመጡ መልስ ያገኛሉ።

ታዲያ ለምን አይቀመጡም? የወረዳውን ጉባኤ በኋለኛው አግዳሚ ሆነን ስናይ አንድ ነገር ተገለጠልን፤ በቁም ነገር ሳይሆን በሻይ ሰዓት። ያን የውሃ ጥያቄ ያነሡት ተመራጭ በሙያቸው መምህር ናቸው። ደመወዛቸው የሚከፈለው፣ ዝውውራቸው የሚጸድቀው፣ ዕድገታቸው የሚታየው በዚያው ከፊታቸው በተቀመጡት የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ነው። በሻይ ሰዓት ወደ ኃላፊው ቀርበው እጅ እየነሡ ሲያናግሩ አየናቸው፤ ያነሡትን ጥያቄ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። አንፈርድባቸውም፤ እኛ ብንሆን ከዚህ የተሻለ ላናደርግ እንችላለን። ግን በአካባቢያችን ምክር ቤቶች ውስጥ ከተቀመጡት ብዙዎቹ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ ሆኑ እናውቃለን። አንድ ሰው ጠዋት የአለቃው መርማሪ፣ ከሰዓት በኋላ የአለቃው ታዛዥ ሆኖ ሊኖር አይችልም። የላይኛው ምክር ቤት ሕመም የፓርቲ ከሆነ፣ የታችኛው ሕመም የደመወዝ ነው፤ ስለዚህኛው ግን ማንም አይጽፍም።

ደግሞ አዲስ ችግር ተጨምሯል። የቀድሞው የደቡብ ክልል ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ክልል ሆነ፤ የኛው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልልም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ሶዶን የአስተዳደር ማዕከሉ አድርጎ ሥራ ያዘ። በአዲሱ ክልል ደስ ያላቸውም ያዘኑም አሉ፤ ያን ክርክር እዚህ አንከፍትም። ነገር ግን ሀዋሳ የነበሩት ቢሮዎች ሲከፋፈሉ መኪናውና ጠረጴዛው ተከፋፈለ፣ ዕዳውም ተከፋፈለ፤ መልስ ያላገኘው የኦዲት ጥያቄስ ለማን ደረሰ? የፈረሰ ቢሮ አይጠየቅም፣ አዲሱ ቢሮ «በእኛ ዘመን አልነበረም» ይላል። የአዲሱ ክልል ምክር ቤት ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ይህን የጥያቄ ውርስ መዝግቦ መረከብ መሆን ነበረበት። አሁንም አልመሸም፤ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው።

ሰማይ እንዲወርድልን አንለምንም። የኮሚቴ ጥያቄ ሁሉ ቁጥርና ቀን ይሰጠው፤ መልሱ የሚቀርብበት ሁለተኛ ቀጠሮ በዚያው ስብሰባ ይቈረጥ፤ በቀጠሮው ቀን ያልተመለሰው በስም ተጽፎ በምክር ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ሙጫ ይበቃል። የወረዳ ሂሳብን የሚመረምር ኮሚቴ ሰብሳቢ ግን ከዚያው ወረዳ ደመወዝ የማይበላ ሰው ይሁን፤ ከነጋዴው፣ ከገበሬው፣ ከጡረተኛው ይመረጥ። የቀድሞ ሂሳብ ሠራተኛ የሆነ ጡረተኛ በየቀበሌው ሞልቷል፤ ኃላፊውን የሚፈራበት ምክንያት የለውም፣ ጊዜም ሞልቶታል። ለዚህኛው ምናልባት የደንብ ማሻሻያ ያስፈልግ ይሆናል፤ ቢሆንም ከቦኖው አይረዝምም።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንጠይቃለን። የሂሳብ አያያዝና የሕግ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚጽፉት ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ እናያለን። ከነዚህ ጥቂቱ በዞናችን ምክር ቤቶች ቃለ ጉባኤ ላይ ቢሠራ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጥያቄ ተጠይቆ ስንቱ እንደ ተመለሰ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ቢወጣ፣ ከስንት መፈክር ይበልጣል።

በመጨረሻም፣ ስቴንስሉ ሳያልቅብን፣ ስለ ራሳችን። የዚህ የተማሪዎች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ የማኅበሩን ሂሳብ የሚመረምር ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እንዲኖር ያዝዛል። ኮሚቴው ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ጉባኤ ተመርጧል፤ እጃችንን አውጥተን የመረጥነው እኛ ነን። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አልተሰበሰበም፤ እኛም አንድ ጊዜም አልጠየቅነውም። ለስፖርት ቀን የተዋጣው ገንዘብ ምን ላይ እንደ ዋለ እስከ ዛሬ አልተነገረም። የወረዳውን ጉባኤ ስንተች ይህን መደበቅ አልቻልንም።

ስለዚህ ትናንት ከሰዓት በኋላ ለማኅበሩ ጸሐፊ ደብዳቤ አስገብተናል። አምስት ጥያቄዎች አሉበት፤ ቁጥርና ቀን አላቸው። መልስ የምንጠብቀው የሚቀጥለው እትም ከመውጣቱ አንድ ሳምንት በፊት ነው። መልሱ ከመጣ በዚሁ ገጽ ላይ እንዳለ ይታተማል፤ ካልመጣም ጥያቄዎቹ ከነቁጥራቸው ይታተማሉ፣ ሁለተኛው ቀጠሮም ከሥራቸው ይጻፋል።